አጭሯ ጥይት እና የዋቅወያ ጎሽ

ዋቅወያ ጎሽ የጣለው በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። አባቱ ሠላሳ ሳይሞላቸው ሦስት ገድለው ስለነበር፣ በነቀምቴ ዙሪያ ለቅሶ ቤት ሲገቡ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ይነሣላቸው ነበር። ለልጃቸው የሚነሣ አልነበረም። ድኩላ ገድሏል፣ ከርከሮ ገድሏል፣ አንድ ጊዜም ደፈርሳ ጥሏል። ነገር ግን ገራርሳ በሚሉት የአዳኞች ዘፈን ላይ ተነሥቶ «እኔ የከርከሮው ገዳይ» የሚልን ሰው ማን ይቀበለዋል? ስለዚህ በየድግሱ የጎሽ ገዳዮች ተራ ሲደርስ ዋቅወያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ያጠብቃል። ጫማው ማሰሪያ ባይኖረውም ያጠብቃል።

በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ከጊዳ በታች በአንገር ሸለቆ ጎሾች ወጥተው የገበሬውን ማሽላ ፈጁ። የወረዳው ገዥ አንድ ጎሽ እንዲገደል ወረቀት ጻፉ። ወረቀቱን ይዘው የወረዱት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ዋቅወያ፣ የልጅነት ጓደኛው ነመራ፣ እና ተረፋ የሚባል የመንገድ ሥራ መኪና ሾፌር። ተረፋ የመጣው ለጎሹ ብሎ አይደለም። የዋቅወያን ልጅ ቀለሟን ሽማግሌ ልኮ ጠይቆ፣ መልሱ «እናያለን» ስለሆነበት፣ አባትየውን ሊያለዝብ ነው የመጣው። ይህን ሁሉም ያውቃል።

ዋቅወያ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ያልተለየውን ረጅሙን ቤልጅግ ይዟል። ተረፋ ደግሞ ፈረንጁ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ የተወለትን አዲስ ጠመንጃ። የዚህ ጠመንጃ ጥይት አጭር ነው፤ ከቤልጅጉ ጥይት በአንድ ጥፍር ያህል ያንሳል። ዋቅወያ መንገድ ላይ አንዷን ተቀብሎ በመዳፉ አገላበጣትና፣ «ይቺማ ሳታድግ የወጣች ናት፤ ለቆቅ ትሆን ይሆናል» አለ። ነመራ ሳቀ። ተረፋም ሳቀ፤ የሚስቱ አባት ሊሆን የሚችል ሰው ሲቀልድ የማይስቅ ማን አለ?

ማሽላው ዳር ሲደርሱ ተከፋፈሉ። ተረፋ ቁጥቋጦውን ዞሮ ከማዶ እንዲጠብቅ ተላከ፤ ነመራ በመሐል ቀረ። ዋቅወያ በአርባ እርምጃ ላይ አንድ ወንድ ጎሽ አገኘ፤ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ተኮሰ። ጎሹ አልወደቀም። ለአፍታ ቀጥ ብሎ ቆመና ቁጥቋጦውን ሰንጥቆ ወደ ተረፋ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ከማዶ አንድ ተኩስ ተሰማ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ነመራ ቀድሞ ደረሰ። ዋቅወያ ጉልበቱን እየረገመ ሲደርስ ጎሹ ተዘርሯል፤ ተረፋ አጠገቡ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ደምቶ ነው የመጣው፣ ኦቦ» አለ ተረፋ። «ያደሙት እርስዎ ነዎት። እኔ ጨረስኩት እንጂ።»

የአደኑ ሕግ አንድ ነው፤ ገዳይ የሚባለው ቀድሞ ያደማው ነው። የመጀመሪያው ጥይት ጆሮውን ብቻ ቢጭረው፣ ሌላው መጥቶ አናቱን ቢያፈርሰው እንኳ፣ ጭራው የመጀመሪያው ነው። ዋቅወያ ጭራውን ቆረጠና አለቀሰ። አላፈረበትም። ወደ ቤት ሲመለሱም ተረፋን ትከሻውን ይዞ፣ «በጥር ውሰዳት» አለው።

ድግሱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ላለው ቅዳሜ ተቆረጠ። ቆዳው ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ላለው ኮርቻ ሰፊ ለተካ፣ ግማሹ አልጋውን በጠፍር ለሚያስወጥረው ለነመራ። የዋቅወያ ሚስት ድርቤ በገዳይ ራስ ላይ የሚደረገውን ቅቤ ከየዘመዱ ማሰባሰብ ጀመረች። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ «አካም፣ ጎሽ ገዳዩ!» ይለዋል። ሰውየው በአንድ ሳምንት ውስጥ ከዕድሜው አምስት ዓመት ተቀነሰለት።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ዋቅወያ ዋቅወያ ነው። ገበያ ሲገባ ማሩን ሦስት ቦታ ካልቀመሰ አይገዛም፤ ሰላም ያለውን ሰው ዞሮ አይቶ «ምን ፈልጎ ይሆን?» የሚል ፍጥረት ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ የሚደግመው ጸሎቱ ነው።

ድግሱ አምስት ቀን ሲቀረው ለደስታ የሚተኮስበትን ቤልጅግ ሊያስወለውል መሸሻ ዘንድ ሄደ። መሸሻ በጦር ሠራዊት የመሣሪያ ጠጋኝ ሆኖ የኖረና በጡረታ ነቀምቴ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ወሬና ዘይት አይጠፋበትም። ዋቅወያ የጎሹን ነገር ሲያወራለት፣ በዚያው በተረፋ ጥይት ላይ ቀለደ።

መሸሻ አልሳቀም። ከመሳቢያው አንድ ረጅምና አንድ አጭር ጥይት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቆማቸው።

«ኦቦ ዋቅወያ፣ ቁመት አይዩ። ይቺ ረጅሟ የተሠራችው በአባቶቻችን ጊዜ ነው፤ ያኔ የነበረው ባሩድ ሰፊ ቤት ይፈልጋል። የዛሬው ባሩድ ግን በጥቂት ቦታ ያንኑ ጉልበት ያወጣል። ስለዚህ የባሩዱን ቤት፣ ቀለሁን፣ አሳጠሩት። ቀለሁ ሲያጥር የጠመንጃው መዝጊያም የሚሄድበት መንገድ ያጥራል፤ ጠመንጃው ይቀላል፣ ቶሎ ይጎርሳል።»

«ለድኩላ ነው እንጂ!»

«ለድኩላም፣ ለአጋዘንም፣ ለደፈርሳም። ለጎሽ እኔን ቢጠይቁኝ ከዚህም ከዚያም ከበድ ያለ እርሳስ እመርጣለሁ። ግን በቅርብ ሆኖ ትከሻው ሥር ከገባለት አጭሯም ትጥለዋለች። የርስዎ ረጅሟ ከምትጥለው አታንስም።»

ዋቅወያ ጥይቶቹን አየ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩ በልቡ ተዘግቶ ነበር፤ አጭር ጥይት ጎሽ አይጥልም፣ ጎሹ ወድቋል፣ እንግዲህ የጣለው የኔ ነው። አሁን አንዱ ድንጋይ ከሥር ተመዘዘ። ተረፋ ለብቻው ሊጥለው ይችል ነበር። ታዲያ የኔ ጥይት መታው ያለው ማን ነው? ተረፋ። ከተረፋ ሌላ ሲደማ ያየ አለ? የለም። ተረፋ ደግሞ ምን ይፈልጋል? ልጄን።

ጠመንጃውን ሳያስወለውል ይዞ ወጣ።

እስከ ቤቱ ድረስ ያደረገው ሂሳብ ይህ ነበር። ይህ ልጅ ጎሹን ራሱ ገድሎ ለኔ ሰጠኝ። በጎሽ ቀለሟን ገዛኝ። ነገ ሠርጉ ካለፈ በኋላ ጠጅ ቤት ተቀምጦ፣ «የአማቴን ጎሽ እኔ ነኝ የገደልኩለት» ብሎ ሲያወራ ይታየዋል። ቅዳሜ ደግሞ መቶ ሰው ፊት ቆሞ እንዴት እንደገደለ በገራርሳ መናገር አለበት፤ በገራርሳ የዋሸ ሰው ዘሩ አይባረክም እየተባለ ነው ያደገው። አርባ ዓመት የተመኘው ስም ጉሮሮው ላይ ደርሶ አጥንት ሆነበት።

ልጁን ጠርቶ ለምን አልጠየቀውም ትሉ ይሆናል። የተጠየቀ ሰው ይዋሻል፤ የዋቅወያ እምነት ይህ ነው። ቆዳ ግን አይዋሽም። ሁለት ሰው ሁለት ጥይት ተኩሶ ሁለቱም መትተው ከሆነ ቆዳው ላይ ሁለት ቀዳዳ ይኖራል። አንድ ከሆነ አንዳችን ስተናል።

በማግስቱ በከኒሳ ቀሴ ተካ ዘንድ ሄደ። ተካ ግማሹን ቆዳ በችካል ወጥሮ ፀሐይ ላይ አስጥቶታል። ዋቅወያ ለኮርቻ ይበቃ እንደሆነ የሚያይ መስሎ በዙሪያው ዞረ፤ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳሰሰው። ትከሻው አካባቢ አንድ ቀዳዳ አገኘ። ጣቱን ከተተ። ልኩ ነው፤ ግን የሁለቱም ጠመንጃ እርሳስ ውፍረቱ ያው ስለሆነ ቀዳዳው የማን እንደሆነ አይናገርም።

«ሌላ ቀዳዳ የለውም?»

«አንዱም አበሳጭቶኛል» አለ ተካ። «ሌላ ይጨምሩበት ወይ?»

ከዚያ የቀረው የነመራ ግማሽ ነው። ነመራ ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው። ዋቅወያ ሲደርስ ጓደኛው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጤና ይስጥልኝ ተባባሉ፣ ስለ ከብቱ ተጠያየቁ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ።

«እንዲያው ነመራ፣ ቁጥቋጦው ጋ ቀድመኸኝ ስትደርስ ተረፋ የት ነበር የቆመው?»

ነመራ ዓይኑን ወደ ወንዙ ወሰደ። «እዚያው ነዋ። የት ይሆናል?»

«እዚያው የት?»

«አይ አንተ ሰው! ያለፈ ነገር ምን ያደርግልሃል? ጎሹን አገኘህ አይደል? ብላው።» ይህን ብሎ ጥጃ ሊያስር ተነሥቶ ሄደ፤ ያልተፈታ ጥጃ።

እነሆ፣ ነመራም ገብቶበታል! አርባ ዓመት አብሮት የበላ ሰው ዓይኑን ሸሸው። ዋቅወያ ነመራ ጓሮ እስኪደርስ ጠብቆ ወደ ቤት ገባ። አዲሱ አልጋ ጥግ ላይ ነው፤ ጠፍሩ እርጥብ እንደሆነ ተወጥሮ እንደ ከበሮ ደርቋል። ዋቅወያ፣ የሃምሳ ስድስት ዓመት ሽማግሌ፣ የጎሽ ገዳይ፣ አልጋው ሥር ገብቶ በጀርባው ተንጋለለ። ጠፍሩን አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰ። እዚህ ተቆርጧል፣ እዚያ ተቋጥሯል፤ ግን የጥይት ቀዳዳም፣ ለሁለት የተከፈለ የቀዳዳ ግማሽም የለበትም።

የነመራ ሚስት እህል ልታወጣ ገብታ ከአልጋዋ ሥር የወጡ ሁለት እግሮች አየችና ጮኸች።

«እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» አለ ዋቅወያ። «ጠፍሩ ጥብቅ መሆኑን ላይ ብዬ ነው።»

እንግዲህ አንድ ቀዳዳ ነው። አንዱ ስቷል። ማን? ተረፋ በአሥር እርምጃ ላይ፣ በወጣት ዓይን፣ በአዲስ ጠመንጃ። እሱ በአርባ እርምጃ ላይ፣ በሽማግሌ ዓይን፣ በጣሊያን ጊዜ ጠመንጃ። መልሱን ፍየል ጠባቂ ይመልሰዋል። ዋቅወያ ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ለረጅም ሰዓት ውሃውን አየ። ከንዴቱ ይልቅ ኀዘኑ በለጠበት። እንደ ሕፃን አሞኝተውታል፤ ሁሉም ያውቃሉ፤ «ጎሽ ገዳዩ» ያሉት ሁሉ ዞር ሲል ይስቁበት ነበር።

እስከ ቅዳሜ ለማንም አልተናገረም። ድርቤ «አሞሃል?» ብትለው «አይ» አላት። ቀለሟ እግሩን ልታጥበው ውሃ ስታቀርብ ፊቷን አያይም ነበር፤ የተገዛች ዕቃ መሰለችው፤ ይህን በማሰቡም ራሱን ጠላ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግቢው ሞላ። ሽማግሌው አባ ዳዲ፣ በዕድሜም በገዳይነትም የሚቀድማቸው የሌለ፣ ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ነመራ አጠገባቸው አለ። ተረፋ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከወጣቶቹ ጋር ቆሟል። ድርቤ የቅቤውን ቅል አቅፋ በሩ ላይ ትጠብቃለች። አባ ዳዲ የጎሹን ጭራ አንሥተው ለዋቅወያ ሰጡት። ሰው እጁን ሊያጨበጭብ ተዘጋጀ።

ዋቅወያ ተነሣ። ጭራውን ይዞ ቆመ። ዘፈኑ አልመጣም።

«እኔ ይህን ጎሽ አልገደልኩትም» አለ። «አላደማሁትም። ስቼዋለሁ። ዋቃ ይስማኝ፣ እናንተም ስሙኝ፤ ይህ ጎሽ የኔ አይደለም።»

ድርቤ ቅሉን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«የገደለው ያ ነው» ብሎ ጭራውን ወደ ተረፋ ዘረጋ። «በአጭር ጥይቱ ገደለው፤ ከዚያ ልጄን ሊወስድበት ለኔ ሰጠኝ። እኔ በጎሽ ልጅ አልሸጥም። ና፣ ተቀበል። ገዳይነትህን ዝፈን።»

ተረፋ አልተንቀሳቀሰም። ወጣቶቹ ገፋ ገፋ አድርገው ወደ መሐል አወጡት፤ አንዳንዶቹ እልል ማለት ጀምረው ነበር። አባ ዳዲ ጭራውን ከዋቅወያ ተቀብለው በተረፋ እጅ ላይ አደረጉ። ሾፌሩ ጭራውን አየ። እዚያው ቆሞ ቢዘፍን ኖሮ እስከ ዕድሜ ልኩ ጎሽ ገዳይ ይባል ነበር፤ የሚከራከረው ሰው የለም።

«አልገደልኩትም» አለ። «እኔ ዛፍ ላይ ነበርኩ።»

«ምን አልክ?» አሉ አባ ዳዲ።

«ቁጥቋጦው ሲሰነጠቅ፣ ጎሹ ደም እየተፋ ሲመጣ ሳየው ጠመንጃውን አንግቤ ዛፍ ወጣሁ። ሥሬ መጥቶ ቆመ። እጄ ሲንቀጠቀጥ ጠመንጃው ወደ ሰማይ ተኮሰ። እሱ ግን እኔን አላየም፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ወደቀ። ያለበት ጥይት አንድ ነው፤ የኦቦ ዋቅወያ ነው። ጨረስኩት ያልኩት ዋሽቼ ነው። ፈሪ ነው እንዳልባል።»

ሁሉም ወደ ነመራ ዞረ። ነመራ ጺሙን ነጭቶ፣ «እውነቱን ነው» አለ። «ከዛፍ ያወረድኩት እኔ ነኝ። እግሩ አልታዘዝ ብሎት ነበር። እባክህ አትናገርብኝ ብሎ ለመነኝ፣ እኔም ማልኩለት። ገዳዩ ገዳይነቱን አግኝቷል፣ ማን ይጎዳል ብዬ ነው።»

ያኔ ሳቁ ተነሣ። አንዱ «ዛፍ ወጪው ሙሽራ!» ብሎ ጮኸ፤ ወጣቶቹ ተቀበሉት። ዋቅወያ ግን ሳቁን አልሰማውም። ጆሮው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚጮኸው፤ የኔ ነው፣ የኔ ነው፣ በአርባ እርምጃ የመታሁት እኔ ነኝ። እጁን ለጭራው ዘረጋ።

አባ ዳዲ በትራቸውን ጣልቃ አስገቡ።

«አይሆንም፣ ኢልመኮ፣ ልጄ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ በዋቃ ስም አልገደልኩም ብለሃል። ዛሬ የማልከውን ለአንተ ብለን ብንሽር፣ ነገ ሌላው እየማለ ይመጣብናል። ይህም ልጅ አልገደልኩም ብሏል። ይህ ጎሽ ገዳይ የለውም።»

ጭራውን ከተረፋ ወስደው ዋርካው ላይ ሰቀሉት። ዋቅወያ ቆሞ ቀረ። ድርቤ ቅሉን ይዛ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ሰው ምግቡን ግን አልተወም። የበላው በላ፣ የጠጣው ጠጣ፣ ሰዓቱ ዘጠኝ ሲሆን ግቢው ባዶ ሆነ። ተረፋ እየተሳቀበት ቀድሞ ሄዷል። ዋቅወያ ዋርካው ሥር ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ቀለሟ ዋንጫዎቹን እየሰበሰበች ወደ እሱ ደረሰች።

«ያ ልጅ ለምን ዋሸኝ?» አላት፤ ቀና ብሎ ሳያያት።

«ዛፍ ወጣሁ ቢልዎት ይሰጡኝ ነበር፣ አባኮ?»

አይሰጥም ነበር። ሁለቱም ያውቁታል።

«ለኔ ግን የተመለሳችሁ ዕለት ነው የነገረኝ» አለች። «እንዴት እንደወጣ፣ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ፣ ጎሹ የርስዎ ብቻ እንደሆነ፤ ሁሉንም። ዋሽቼ ላገባሽ አልችልም ብሎ።»

ዋቅወያ ቀና አለ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቃለሁ እንጂ። ተካን ጠየቁ፣ ነመራን ጠየቁ፣ አልጋ ሥር ገብተው ጠፍር ዳሰሱ። እኔ በየቀኑ እግርዎን ሳጥብ ነበርኩ። ምን ሆነሽ ነው፣ ምን ታውቂያለሽ ብለው አንድ ቀን አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ እነግርዎ ነበር።»

ዋንጫዎቹን ይዛ ወደ ቤት ሄደች። ዋቅወያ አፈረ። ስለ ጎሹ አልነበረም ያፈረው፤ የጎሹ ነገር ያንገበግበው ነበር እንጂ አያሳፍረውም። ያፈረው አምስት ቀን ሙሉ የገዛ ልጁን ፊት ሳያይ እግሩን ስላሳጠበ ነው። ያን ልጅም አሰበው። መቶ ሰው ፊት «ፈራሁ» ያለ ሰው በዕድሜው አይቶ አያውቅም። አርባ ዓመት የሰማቸውን የገዳዮች ዘፈኖች አንድ በአንድ አስታወሰ፤ አባቱንም ጭምር። ስንቱ ዛፍ ላይ ነበር?

«ቀለሟ!» ብሎ ተጣራ።

በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ሂጂና ጥሪው።»

«ለምን ፈለጉህ ልበለው?»

ይቅርታ የሚለው ቃል ዋቅወያ ምላስ ላይ መጥቶ ተመለሰ፤ ለምዶት አያውቅም።

«አባቴ ሊጠይቅህ ፈልጎ ነው በይው» አላት።